ማንም ያልጠየቀው

አባቴ እንደገና ሐሳቡን መግለጽ የጀመረ ሰሞን እናቴ እልል ብላለች፤ ጎረቤትም እየመጣ መርቆ ሄዷል። እኔም ደስ ብሎኛል። ከደስታዬ ሥር ግን ለማንም ያልተናገርኩት ሌላ ስሜት ነበር። አባቴ ዝም ባለባቸው ወራት የቤታችን አባወራ እኔ ሆኜ ነበር። እህሉ የሚሸጠው፣ ብድሩ የሚከፈለው፣ ሽማግሌ የሚሸኘው በእኔ ቃል ነው። ሰቆጣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት እየወረድኩ አዛዥ ናዛዥ መሆኑን ለምጄዋለሁ። እርሱ ቃል ማውጣት ከጀመረ የእኔ ቃል ሁለተኛ ሊሆን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አፍ አውጥቶ አይናገረውም። በሽተኛ ያስታመመ ሰው ግን ሳይደርስበት አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

አባቴ ገበሬም ንብ አናቢም ነው። ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚመላለስበት ገደላ ገደል አገር ቢሆንም ለንብ የሚሆን አበባ አያጣም። ክረምቱ ወጥቶ ንብ መንጋ በሚያወጣበት ወቅት ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ እንደወጣ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ አረፈ። የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት። ሰቆጣ ያለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሞች ሕይወቱን አረጋግተው ወደ ደሴ ላኩት። እዚያ ሲቲ ስካን ሲነሣ አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰሱና ማበጡ ታየ። ለሳምንታት ኮማ ውስጥ ቆየ። ዐይኑን ሲገልጥ «ተርፏል» ተባልን። በእርግጥም ተርፏል፤ ነገር ግን ቃል አይወጣውም፣ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ ግራ እጁም አይታዘዝለትም።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ሰው ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ የሚጎዳበት ቋንቋው ራሱ ነው፤ የሰማው ቃል ትርጉሙ ይጠፋዋል፣ ሊናገር ያሰበውም ቃል አይመጣለትም። ሌላው ቋንቋው ደህና ሆኖ ምላሱን፣ ከንፈሩንና ጉሮሮውን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ይጎዳል፤ ሊል የፈለገውን ያውቃል፣ ግን አይወጣለትም። ሌላው ደግሞ ነቅቶ ለመቆየትና አንድን ነገር ከራሱ ተነሥቶ ለመጀመር አቅም ያጣል። ከውጭ ለሚያያቸው ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ዐይናቸውን ገልጠው ዝም ብለዋል። ጠያቂም «ምን ያውቃል ብለህ ነው» እያለ ስለ ሰውየው በፊቱ ያወራል።

በዚህ የሚሳሳተው የገጠር ጠያቂ ብቻ አይደለም። ለንደን በሚገኝ የነርቭ ማገገሚያ ሆስፒታል ተሠርቶ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ምንም አያውቁም ተብለው ወደ ሆስፒታሉ ከተላኩ 40 ሕመምተኞች 17ቱ እያወቁ የኖሩ ሆነው ተገኝተዋል። ከ17ቱ አብዛኞቹ ጨርሶ የማያዩ ወይም ዐይናቸው ክፉኛ የደከመ ነበሩ። «ይህን ተመልከት» ሲባል ያልተመለከተ ሰው እንደማያውቅ መቆጠሩ ከዚያ የመጣ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ሰፋ ያለ ጥናት ወጣ። አልጋቸው አጠገብ ለሚሰጣቸው ትእዛዝ ምንም ምላሽ ካላሳዩ 241 ሰዎች መካከል የ60ዎቹ አንጎል አንድን ነገር በሐሳባቸው እንዲያደርጉ ሲነገራቸው ሲታዘዝ በመሣሪያ ታይቷል። ከአራት አንዱ ማለት ነው።

ደሴ ሳለን እንዲህ ያለ መሣሪያ አላየንም። ያገኘነው አንድ ጥያቄ ነው። ጎንደር ተምሮ የመጣ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የአባቴን እግር እያፍታታ «ጋሼ ‹አዎ› የሚሉት በምናቸው ነው?» አለን። እኔ የምመልሰው አጣሁ። እናቴ ግን «በቅንድቡ ነዋ!» አለች። እውነቷን ነው። አባቴ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው ድሮም «አዎ» ሲል ቅንድቡን ብድግ አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። የትንፋሹ ድምፅ ጠፍቷል፣ ቅንድቡ ግን ይነሣል። የጭንቅላት መነቅነቅ የሚጠብቅ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ አብራው ያረጀችው እናቴ ግን ዐይኑን ከገለጠበት ሳምንት ጀምሮ አይታዋለች። የጠየቃት ስላልነበረ አልተናገረችም።

ወጣቱ እንዲያው በቃሏ አልተቀበላትም፤ ደግ አደረገ። መልሳቸው የታወቀ ጥያቄዎችን፣ ገሚሱን ለ«አዎ» ገሚሱን ለ«አይ» አድርጎ አዘበራርቆ ጠየቀው። «አሁን ያለነው ሰቆጣ ነው?» «እኔ ሴት ነኝ?» «ይህች ሚስትዎ ናት?» ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ አፉን ዘግቶ ይጠብቃል፣ አሥር ሰከንድም ከዚያም በላይ። የተጎዳ አንጎል መልሱን ለማሰናዳት ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ግን የመጀመሪያው መልስ ሳይደርስ ሦስተኛውን ጥያቄ እንደርብበት ነበር። «አይ» ዐይን ጨፍኖ ማቆየት እንዲሆን ተስማማን። አባቴ ጠዋት ተደግፎ ቀና ብሎ ሲቀመጥ መልሱ ጥርት ይላል፤ ወደ ማታ ሲደክመው ይደበላለቃል። እናቴ በኽምጥኛ ስትጠይቀው ደግሞ ቅንድቡ ፈጥኖ ይነሣል። በልጅነት አፍ የፈቱበት ቋንቋ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ቤት ስንመለስ አዎና አይ ይዘን ተመለስን። ትልቅ ሀብት ነው። «ውሃ?» «ራበህ?» «በረደህ?» «ላገላብጥህ?» ቀኑን ሙሉ እንጠይቃለን፣ እርሱም ይመልሳል። የምንነጋገር መስሎን ነበር።

የሚጠየቀውን የመረጥነው ግን እኛ ነን። እርሱ የቀረበለትን ከመቀበልና ከመመለስ በቀር ከራሱ የሚያነሣው ነገር የለውም። ይህን የነገረኝ ያው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ ለክትትል በስልክ ሳገኘው «ፊደል ያውቃሉ?» አለኝ። አባቴ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ከየኔታ እግር ሥር ሀሁ ቆጥሯል፤ ዳዊትም ደግሟል። «እንግዲያው ሰሌዳ ሥራለት» አለኝ፤ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ ስለሚባል ፈረንሳዊ የመጽሔት አዘጋጅም አጫወተኝ። ሰውየው በ1995 እ.ኤ.አ. ስትሮክ ጥሎት ከግራ ዐይኑ ሽፋን በቀር የሚንቀሳቀስ አካል አልቀረለትም ማለት ይቻላል። ረዳቱ የፈረንሳይኛን ፊደላት ብዙ ጊዜ ከሚያገለግለው ጀምራ በቅደም ተከተል ስትጠራለት፣ የፈለገው ሲደርስ ዐይኑን እየጠቀሰ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አስጽፏል።

የእኛን ፊደል በዚህ መንገድ አንድ በአንድ መጥራት አይሞከርም፤ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ግን የኔታ የሚያስቆጥሩበት ገበታ ራሱ መፍትሔውን ይዟል፤ ቤቱና ተራው የተለየ ነው። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ስቀንስ 28 ቀሩ። በካርቶን ላይ በማርከር አራት ረድፍ አደረግኳቸው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ሰባት ፊደል ደረሰው። መጀመሪያ ረድፉን በጣቴ እየጠቆምኩ እጠይቃለሁ፤ ቅንድቡ ሲነሣ እዚያ እቆማለሁ። ከዚያ በረድፉ ውስጥ ፊደሉን። ከዚያ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያልኩ ድምፁን። እንደ ፈረንሳዊው በብዛት ከሚያገለግሉት ለመጀመር አስቤ ተውኩት። አባቴ ለመማር የሚቸገርበት ጊዜ ነው፤ የልጅነት ቁጥሩ ግን አልጠፋውም። እየደጋገሙ በቃል የያዙት ነገር፣ ጸሎትም ሆነ ቁጥር፣ ከአንጎል ጉዳት በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ እንደሚቀር ባለሙያዎች ይናገራሉ። የካርቶኑ ራስጌ ላይ ደግሞ ስድስት ነገሮች በትልልቁ ጻፍኩ፦ አዎ፣ አይ፣ አላውቅም፣ ተሳስተሃል፣ በቃኝ፣ ሌላ ነገር አለኝ።

በሰሌዳው መጀመሪያ ያወጣው ቃል ቀ፣ ጠ፣ ነ ነበር። እናቴ በማንኪያ የምታቀምሰው ቡና ቀጥኖበታል። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች። የሚያማርር ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ እንዴት ደስ ይላል!

ቀጣዩን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ለመድኃኒትና ለመመላለሻ ስናወጣ ገንዘባችን ስለተሟጠጠ፣ ያሉንን ንቦች ከነቀፏቸው ለሰቆጣ ነጋዴ ልሸጥ ዋጋ ተስማምቼ ነበር። አባቴ አጠገብ ሆነን ነው የተነጋገርነው። ነጋዴው እንደወጣ የአባቴ ዐይን «ሌላ ነገር አለኝ» ከሚለው ላይ አልነሣ አለ። ሰሌዳውን ያዝኩ። ሁለተኛ ረድፍ፣ ስድስተኛ ፊደል፣ ሳድስ፦ እ። ሦስተኛ ረድፍ፣ ስድስተኛ ፊደል፣ ራብዕ፦ ዳ። ለሁለት ፊደል ጣቴ ሃያ ሰባት ቦታ መጠቆም ነበረበት። እኔ ግን ፊደሎቹ እንደተያያዙ «እዳሪ! ሊወጣ ፈልጎ ነው፣ ዕቃውን አምጡ» ብዬ ተነሣሁ። ዐይኑን ጨፈነ። «ራስህን አመመህ?» ጨፈነ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ዕዳ ነው የምትለው?» አለች። ቅንድቡ ተነሣ፤ ደጋግሞም ተነሣ።

የጎረቤቶቻችንን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። አንዱ ላይ ስደርስ ቅንድቡ ተነሣ። በሰሌዳው እንደነገረኝ፣ ከመውደቁ በፊት ለዚያ ሰው ሁለት ቀፎ ንብ ሊሰጠው ተስማምቶ ቀብድ ተቀብሏል። ሰውየው አባቴ ከተኛ ጀምሮ ሊጠይቀው ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። መጥቶ ይቀመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ይሄዳል። ስለ ቀብዱ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ይሉኝታ ነዋ! ከታመመ ሰው ቤት ገንዘብ አይጠየቅም።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር። «ከእኛ በቀር የሰማ የለም» አልኩ በልቤ። ሰውየው አይጠይቅም፣ ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ እየጠበቀ ነው፣ ሰሌዳውን ደግሞ የያዝኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን ግድግዳ ላይ መልሼ ብሰቅለው የአባቴ ዕዳ ከአባቴ ጋር ዝም ይላል። ያ ሐሳብ የቆየው ለአፍታ ነው፤ ግን መጥቷል። የአንድ ሰው አንደበት በሌላው እጅ ላይ ሲወድቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ አጠገቤ ባትሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ በእርግጠኝነት አልናገርም።

ሄጄ ሰውየውን ጠየቅኩት። የገንዘቡን መጠን አባቴ በመቶ እየቆጠርኩለት ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ለሰውየው ሳልነግረው «ስንት ነበር?» አልኩት። «ተወው እባክህ፣ እርሱ ይዳን እንጂ» ብሎ ብዙ ካንገራገረ በኋላ የተናገረው መጠን ከአባቴ ጋር አንድ ሆነ። ሁለቱን ቀፎ ወሰደ፤ ነጋዴው የተረፉትን ገዛ።

ሰውየውን እንዲያ መጠየቄ የአባቴን ቃል ተጠራጥሬ አይደለም፤ ራሴን ተጠራጥሬ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በአውስትራሊያ፣ መናገር የማይችልን ሰው እጅ ወይም ክንድ ደግፎ ፊደል ማስነካት በሰፊው ተስፋፍቶ ነበር። ቤተሰቦች ልጆቻቸው የሚያምር ዐረፍተ ነገር ሲጽፉ አይተው አለቀሱ። ሲፈተን ግን ሌላ ነገር ታየ። ለደጋፊው አንድ ሥዕል፣ ለልጁ ሌላ ሥዕል ሲያሳዩ የሚጻፈው ደጋፊው ያየው ሆነ። ደጋፊዎቹ አታላዮች አልነበሩም፤ የራሳቸው እጅ እንደሚገፋ አላወቁም። የአሜሪካ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር ዘዴውን ማንም እንዳይጠቀምበት እስከ መምከር ደርሷል። ስለዚህ ሰሌዳ የያዘ ሰው እጅ አይይዝም፣ ቃል አይቀድምም። ከባድ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ መልሱን የማያውቅ ሁለተኛ ሰው ሰሌዳውን ይዞ እንደገና ይጠይቃል። ኑዛዜና ገንዘብ ሲነሣማ ይህ ግዴታ ነው።

መሣሪያው ከካርቶን በላይ ይሄዳል። ዐይን የሚያርፍበትን ቦታ በካሜራ ተከታትሎ ፊደል የሚመርጥና የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ኮምፒውተር አለ፤ ዋጋው በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ነው። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ የተጻፈ አማርኛ ያነብባሉ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድሮይድ ስልክ በፊት ካሜራው ተመልክቶ ቅንድብ ማንሣትን እንደ ቁልፍ መቁጠር ይችላል። ይህን ስሰማ ስለ እናቴ አሰብኩ፤ የእርሷ ዐይን ቀድሞት ነበር። ከእኛው አህጉርም ምሳሌ አለ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርቲን ፒስቶሪየስ በ1988 እ.ኤ.አ. የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በአንጎል ሕመም መናገርም መንቀሳቀስም ተሳነው። ማወቁ ሲመለስለት ለዓመታት ያስተዋለው አልነበረም፤ አንዲት ተንከባካቢ ዐይኑ እንደሚከተላት ካየች በኋላ ነው በ2001 በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል የተመረመረው። ከዚያ በኮምፒውተር መናገርን ተማረ፣ ሥራ ያዘ፣ ትዳር መሠረተ፣ በ2011 ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣ። እርሱም ቢሆን ወደ ኮምፒውተሩ የደረሰው በመጀመሪያ አንድ ሰው ዐይኑን ስላየለት ነው።

ለዋግ ኽምራ ቤት ግን ካርቶኑ መቅደም አለበት። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጦ መኖርን አይተናል፤ ባትሪ ያለቀበት መሣሪያ ላይ የተንጠለጠለ አንደበት እንደገና ይዘጋል። ውድ መሣሪያ በእጁ ያለ ሰው እንኳ አጠገቡ ወረቀት እንዲያኖር ባለሙያዎች ይመክራሉ።

ሰሌዳው ለሁሉም አይሆንም። ቋንቋው ራሱ የተጎዳበት ሰው ፊደል መልቀም ያቅተው ይሆናል፤ ለእርሱ ሥዕልና ፎቶግራፍ፣ የቤቱ ዕቃ ራሱ፣ የዘመዶቹ ምስል ይሻለዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም እንዲሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ሥዕሎቹ ውሃ፣ ምግብና አልጋ ብቻ አይሁኑ። ገንዘብ ይኑር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይኑር፣ ከብት ይኑር፣ የተጣሉት ሰው ፎቶ ይኑር። ተኝቶ የሚውል ሰው ሲያስብ የሚውለው ስለ አልጋው ብቻ አይደለም።

አባቴ ዛሬ ጥቂት ቃላትን እየተኮላተፈም ቢሆን ይናገራል፤ ረዘም ላለው ነገር ሰሌዳው አለ። በብዙ ነገር እንከራከራለን። ልጄን የት እንደማስተምር፣ በሬው መቼ እንደሚቀየር ሐሳብ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከእኔ ሐሳብ ጋር አይገጥምም። የቤቱ ቃል እንደገና የእርሱ ሆኗል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ንግግርን የሚተኩና የሚደግፉ መንገዶችን ሁሉ እንደ መግባቢያ ይቆጥራቸዋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ገና በጣት የሚቆጠር በሆነበት አገር ይህን መብት ወደ ገጠር ቤት ሊያደርስ የሚችለው ያለው መዋቅር ነው። ሰው ከሆስፒታል ሲሰናበት በመድኃኒት ማዘዣው አጠገብ «አዎ የሚለው በዚህ ነው፣ አይ የሚለው በዚህ ነው» የሚል አንድ መስመር ይጻፍለት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቱ ስትደርስ ያንኑ ትጠይቅ። የፊደል ሰሌዳና የሥዕል ሰሌዳ በአማርኛም በኽምጥኛም ታትሞ ጤና ጣቢያ ይቀመጥ፤ ለኽምጥኛው ቋንቋው የሚፈልጋቸው ፊደላት ይጨመሩበት። የሚጠይቀው ወጪ የወረቀትና የቀለም ነው።

አንተም፣ አንቺም፣ ቤታችሁ ዐይኑን ገልጦ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ዛሬ አጠገቡ ቁጭ በሉ። አዎና አይ የሚልበትን ፈልጉ፤ መልሱ በታወቀ ጥያቄ ፈትኑት፤ ከጠየቃችሁ በኋላ አፋችሁን ዘግታችሁ ጠብቁ። ስለ ውሃና ስለ ምግብ ጠይቃችሁ ስትጨርሱ አትነሡ። «ያልጠየቅንህ ነገር አለ?» በሉት።